ቀዩ ሞተር ያልጨሰበት ቀን

«አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ፣ ወንበር እንኳ ሳትስብ።

መርማሪዋ ከፊቷ ያለውን ፋይል ከድና ቀና አለች። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ «አልገደልኩም» የሚል ሰው ሰምታ ሰምታ ጆሮዋ ደንድኗል። ሳይጠሩት መጥቶ «ገደልኩ» የሚል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የሚያማትን ጉልበቷን እያሸች ተነሳችና ወንበሩን ራሷ ሳበችላት።

«ቁጭ በይ ልጄ። ቁጭ ብለውም ይናገሩታል።»

ልጅቱ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። አባቷ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከከተማው ዳር፣ ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ አርባ ዓመት ገደማ ያልተለየውን ቀይ ሞተር ሳይክል እየነዳ ወደቀ፤ አልተነሳም። እዚያ የሄደው ለጨዋታ ነበር። አንድ መጽሔት የእሱን ቀይ ሞተርና የታናሽ ወንድሙን ሰማያዊ ሞተር ሊያወዳድር ፈልጎ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተሠርተው የወጡ፣ ለዳገትና ለአቧራ የተፈጠሩ፣ ዛሬ ግን መለዋወጫ እንኳ የማይገኝላቸው አሮጌዎች ናቸው። የትራፊክ ፖሊሱ ዘገባ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ባለመጨመሩ ሞተሩ ደርቆ ተጣብቋል፣ የኋላ ጎማው ቆልፏል ይላል። የቀረው የመርማሪዋ ፊርማ ነበር።

«እኔ ከብስክሌት በላይ ነድቼ አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «ይሄን የዘይት ነገር እንደ ሕፃን ልጅ አስረጂኝ።»

«ቀዩ ለብቻው የዘይት ቦታ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚጨሰው። የአጎቴ ሰማያዊ ግን ዘይቱ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ለብቻው ስላለ ንጹሕ ቤንዚን ነው የሚጠጣው፤ አይጨስም። አባዬ የድሮ ተወዳዳሪ ስለሆነ ከጉሎ ዘይት ሌላ አይነካም ነበር። እኔ ነኝ ከመድኃኒት አከፋፋይ የማመጣለት። ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሩብ ሊትር። እዚያው ካባው ጋ በመለኪያ ለክቼ ቀላቅዬ ሞላሁለት።»

«ታዲያ ሞልተሽ ከሆነ?»

«እየቀላቀልኩ ስልክ ተደወለ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ቀጠልኩ። ጀሪካኑን ታንኩ ውስጥ ስገለብጥ አስታውሳለሁ። ዘይቱን ስጨምር ግን አላስታውስም። ሦስት ቀን ሙሉ ላስታውስ ስታገል ነው የከረምኩት፤ አይመጣልኝም።» እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «እኔ ለሰው ልጅ በጠብታ እየለካሁ የምሰጥ ሰው ነኝ። ከሥራዬ መልቀቂያ አስገብቻለሁ። ከእንግዲህ በዚህ እጄ መድኃኒት አልነካም። እርስዎም ይፈርሙና ይለቅልኝ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አላነሳችም። ይቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው ነገር በእሷ ፊርማ ሊጸና ነው። ሟቹን ማንም አይመልሰው፤ ልጅቱን ግን ምናልባት።

«እስከ ነገ ከሰዓት ታገሺኝ» አለቻት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳልጠረጥር ፈርሜ አላውቅም።»

ሜካኒኩን ያገኘችው ጋራዡ ውስጥ ከቀዩ ሞተር ስብርባሪ ፊት ተቀምጦ ነው። ሲሠራ ብሎን በከንፈሩ ስለሚይዝ ሰፈሩ በሙሉ «ብሎን» ይለዋል። ሁለቱንም ሞተሮች ለዓመታት የጠገነው እሱ ነው። ፒስተኑን በጨርቅ ይዞ አሳያት፤ ጎኑ ተፋፍቆ ቀልጧል።

«ዘይት የሚባል አላየም» አለ። «ጥቂት ደቂቃ በድሮው እርጥበት ይሄዳል፣ ከዚያ ግን ድርቅ። ያቺ ልጅ አሳዘነችኝ እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።»

«የትኛው ነው የተሻለው? ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?»

ብሎን ሳቅ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። «ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ተጣልተውበታል መሰለዎት። ቀዩ ቀላል ነው፣ ቁጡ ነው፤ ጋዝ ሲሰጡት ጮሆ ይፈተለካል፣ ቶሎ ግን ይደክመዋል። ሰማያዊው ከባድ ነው። ያጉረመርማል እንጂ አይጮህም፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ አያጥረውም። ልክ እንደ ባለቤቶቻቸው ነዋ። በወጣትነታቸው በትልቁ ውድድር ቀዩ በግማሽ ጎማ ቀደመ። በግማሽ ጎማ! ከዚያ ወዲህ ታናሽየውን ስሙን የሚጠራው የለም። ሰው ሁሉ ‹ሁለተኛ› ነው የሚለው። ያወጣለትም ሟቹ ነው፣ ለቀልድ ብሎ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ አለች መርማሪዋ በሆዷ። ጎንበስ ብላ የተጣመመውን መሪ ስታይ ግራው ላይ ያለው መያዣ ከቀኙ የተለየ ሆነባት። ረጅም ነው፤ አዲስ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍሪሲዮን ነው። በግራ እጅ ሲይዙት ሞተሩን ከጎማው ይለያየዋል። ባለፈው ወር ‹ላላ አድርግልኝ› ብሎ አስቀየረኝ። ያው ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ዳገቱ አናት ላይ፣ ባንዲራ ይዤ። ልጅቱ መሙላት ስትጀምር ነው በእግሬ የወጣሁት። መጀመሪያ ዳገቱን ነበር ሊወጡ የተስማሙት፤ ታናሽየው ነው ‹ዳገቱን እናስቀድም› ያለው። ወጥቼ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጡም። ዞር ብዬ ሳይ ሜዳውን ወደ ታች ይበራሉ። ከዚያ ቀዩ ቀጥ አለ። ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት፤ እግሬ አላደርስ አለኝ።»

ጋዜጠኛው የሚሠራበት ክፍል በአሮጌ መጽሔት ክምር የተጣበበ ነው። ያን ቀን ከሁለቱ ሞተሮች ኋላ በመኪና እየተከተለ ፎቶ ሲያነሳና ማስታወሻ ሲይዝ ነበር። ደብተሩን ሰጣት። ከወንድማማቾቹ አንዱ ከሞተ ወዲህ ጽሑፉን ሊጨርሰው አልቻለም። መርማሪዋ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች፦ «ቀዩ፦ ድምፁ ስለታም፤ ጭስ የለውም። ሰማያዊው፦ ድምፁ ወፍራም፤ ከኋላው ስስ ጭስ፤ ሽታው የተቃጠለ ከረሜላ ይመስላል።»

«ሁለቱን አምታተህ እንዳይሆን?»

«አንዱ ቀይ ነው አንዱ ሰማያዊ፤ ለዚህ የዓይን ሐኪም አያስፈልገኝም» አለ። ወዲያው ቀልዱ አስፈረው። «ይቅርታ። ስለ ሞተር ብዙ ስለማላውቅ ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት። ዋና አዘጋጁም ተገልብጧል ብሎኛል። ፎቶው ግን ይኸው።»

በፎቶው ላይ ሰማያዊው ስስ ጭስ ይጎትታል። ቀዩ ከኋላው አቧራ ብቻ ነው ያለው።

«ከመነሳታችሁ በፊት ማን የት ነበር?»

«ሟቹን ካባው ግድግዳ ሥር ፎቶ ሳነሳ ግማሽ ሰዓት ቆየን። ሰዓቱ ፎቶዎቹ ላይ አለ። ልጃቸው ከፎቶዎቹ ጀርባ መኪናዋ ውስጥ ስልክ ስታወራ ትታያለች። ሞተሮቹ መጠለያው ሥር ነበሩ። አጎትየው እዚያው ቀርተዋል፤ ሰማያዊውን ልወልውል ብለው።»

«ዳገቱን ለምን ተዋችሁት?»

ጋዜጠኛው ዓይኑን ሰበረ። «እኔ ነኝ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ሆነችብኝ፤ ‹መጀመሪያ ሜዳውን በፍጥነት ንዱልኝ› አልኩ። አጎትየው አይሆንም አሉ። ደጋግመው። ሲብስ ለወንድማቸው ‹በል ያንን ተወውና የእኔን ንዳ› አሏቸው። ሟቹ ሳቁና ‹ሁለተኛ፣ ፈራህ እንዴ?› አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አጎትየው ቃል አልተነፈሱም።»

ታናሽ ወንድም አናጢ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሳንቃ እየላገ ነበር። መላግ ያለበትን ልጎ ጨርሷል፤ ሳንቃው ወደ ሌላ ነገር ሳይሆን ወደ ፍቅፋቂ ብቻ እየተለወጠ ነው። የወንድሙን የሬሳ ሣጥንም የሠራው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጁ ነው አሉ።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። ብዙ አላደክምዎትም። ሰማያዊው ያን ቀን እንዴት ነበር?»

«እንደ ወትሮው።»

«ጭስ ነገር አላዩበትም? ሽታስ?»

«ሰማያዊው አይጨስም። ንጹሕ ነበር» አለ፣ መላጊያውን ሳያቆም። ከዚያ ድንገት አቆመና፦ «ለምንድን ነው ፍሪሲዮኑን ያልያዘው?»

«አልገባኝም።»

«ሞተር ሲደርቅ ምልክት ይሰጣል። ግራ እጅህን ጨበጥ ማድረግ ነው። ጎማው ይፈታል፣ እየተንከባለልክ ትቆማለህ። ስንት ጊዜ ሲደርቅበት አይቻለሁ፤ እየሳቀ ነው የሚወርደው። ጣቱን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንስቶ አያውቅም። ታዲያ ለምን አልያዘም?»

«ዘይቱስ ጋሼ? ዘይቱ ለምን ጠፋ?»

«እሱማ ልጅቱ ዘንግታው ነው። ሰው ይዘነጋል» አለና ወደ ሳንቃው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን ለራሱ ይመስል «ለምን አልያዘም?» አለ።

መርማሪዋ ወደ ጣቢያው የተመለሰችው በዝግታ ነው። ሰው ሁሉ «ዘይቱ ለምን ጠፋ» እያለ ሲያዝን አንድ ሰው ብቻ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ከአደጋው ወዲህ ሰማያዊው ሞተር ጣቢያው ጓሮ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የታንኩን ክዳን ከፍታ አሸተተች። እናቷ በልጅነቷ ሆዷን በቆረጣት ቁጥር አፍንጫዋን ይዛ የምታጠጣት ነገር ትዝ አላት። ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

በማግስቱ ከሰዓት አራቱም ጓሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቱና አጎቷ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋዜጠኛው ቆሟል፤ ብሎን የቀዩን ሞተር ስብርባሪ በጋሪ አምጥቶ ከሰማያዊው ጎን አስቀምጦታል። የጣቢያው ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ በር ላይ ነው። መርማሪዋ ሁለት ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች።

«እኔ ሞተር አላውቅም» አለች። «ስለዚህ እናንተ ያስተማራችሁኝን ብቻ ነው መልሼ የምነግራችሁ። ይሄ ከቀዩ ታንክ የተረፈው ነው።»

በአንዱ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገችው። እርጥቡ ሰፋ፣ ከዚያ ሟሸሸ፤ ወረቀቱ እንደነበረው ሆነ።

«ንጹሕ ቤንዚን። ዘይት የለውም፤ እዚህ ድረስ ዘገባው ልክ ነው። ይሄ ደግሞ ከሰማያዊው ታንክ።»

ሁለተኛው ጠብታ ሰፋ፣ ደረቀ፤ መሃሉ ላይ ግን ወዛም ክብ ቀረ። ብሎን ቀረብ ብሎ በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ ቀና ብሎም ማንንም አላየም።

«ጉሎ ነው» አለ።

ልጅቱ ከአግዳሚው ተነሳች። «ሰማያዊው ውስጥ? የአጎቴ ሞተር ከቤቱ ሞልቶ ነው የመጣው። እኔ አልነካሁትም።»

«አልነካሽውም። ያን ቀን ካባው ውስጥ የጉሎ ዘይት ያመጣ ሰው ደግሞ ካንቺ በቀር የለም። እንግዲህ ይሄ ዘይት አንቺ ለክተሽ፣ ስልክ እያወራሽም ቢሆን ሳትሳሳቺ ጨምረሽ፣ አባትሽ ታንክ ውስጥ ያፈሰስሽው ነው። አእምሮሽ ቢረሳውም እጅሽ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው የሁለቱን ታንክ ቤንዚን አለዋወጠ። የቀዩን ለሰማያዊው፣ የሰማያዊውን ለቀዩ። መጠለያው ውስጥ ባልዲ ነበር፤ ቱቦ ከማንኛውም የሞተር ሰው ኪስ አይጠፋም።»

«ለምን ሜዳ ላይ አልደፋውም?» አለ ጋዜጠኛው።

«ለቀዩ የሚሰጠው ሌላ ቤንዚን ስላልነበረው። ደግሞም ሰማያዊውን ዘይት አይጎዳውም፤ ትንሽ ያጨሰዋል እንጂ። አንተ ሳታውቅ እውነቱን ጻፍክ፤ የሚያውቁት ተሳስተሃል አሉህ። አሁን ማን ነው የሚለውን እንይ። አንተና ሟቹ በዚያ ግማሽ ሰዓት አብራችሁ ናችሁ፤ ፎቶው ይመሰክራል። በዚያው ፎቶ ልጅቱ መኪናዋ ውስጥ ናት። ብሎን ዳገቱን እየወጣ ነው።»

አናጢው መሬት መሬቱን ያያል።

«ይሄ ብቻውን አይበቃኝም ነበር» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ጋሼ፣ ይሄን ሞተር ወደ አርባ ዓመት ነድተውታል። ጎማው ጠጠር ቢረግጥ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ሲጨስና ጉሎ ሲሸት ከሥርዎ ሆኖ አላወቁም? ‹ንጹሕ ነበር› አሉኝ። እንዲያ የሚለኝ የለዋወጠው ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ሁሉም ስለ ዘይት ሲያለቅስ እርስዎ ስለ ፍሪሲዮን ነው የጠየቁኝ። ዘይቱ የት እንደገባ ስለሚያውቁ አልገረመዎትም። የገረመዎት ወንድምዎ መሞታቸው ነው።»

አናጢው ከሱሪው ላይ የሳንቃ ፍቅፋቂ አንድ በአንድ ለቀመ።

«ይቆማል ብዬ ነበር» አለ አናጢው በመጨረሻ። «ዳገቱ ላይ። ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ፍሪሲዮኑን ይይዛል፣ ይወርዳል፣ ይገፋል። እኔ በጎኑ አልፋለሁ። መጽሔቱ ላይ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ አንደኛ። ሌላ ምንም አልነበረም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ሜዳው ሲባል ግን አወቁ።»

«አወቅሁ። የእኔን ንዳ አልኩት። ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ይይዘዋል ብዬ ዝም አልኩ። አርባ ዓመት የያዘውን ይይዘዋል ብዬ።»

«አይችልም ነበር» አለች ልጅቱ።

አጎቷ ዞረ።

«ግራ እጁ ደንዝዟል። ነርቭ ነው አሉት፣ ከስድስት ወር በፊት። ጣቶቹ ፈጥነው አይጨብጡም። ሐኪሙ አትንዳ ብሎት ነበር፤ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ለመነኝ። ቀስ ብለህ ከነዳህ አልኩት።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ለእኔ? ለወንድሙ?»

«ለአንተ እንዳልነግር አስማለኝ። ‹ከሰማ ያዝንልኝና ሆን ብሎ ይሸነፍልኛል› አለ። ‹ወንድሜ ሆን ብሎ ከተሸነፈልኝ ያኔ ነው የምሞተው› አለ።»

አናጢው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። አላለቀሰም፤ ማልቀሻውም የጠፋበት ይመስል ነበር። ብሎን ፊቱን አዙሮ በቆሸሸ ጨርቁ አፍንጫውን ጠረገ።

መርማሪዋ ልጅቱ እፎይ ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሸክሙ ወርዷል፤ እጆቿም ነጻ ናቸው። ልጅቱ ግን ከአግዳሚው ፊት እንደቆመች ቀረች።

«አጎቴ፣ ከቀብር ስንመለስ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብዬ ደረትህ ላይ ሳለቅስ ራሴን ዳበስከኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «‹ሰው ይዘነጋል ልጄ፣ ራስሽን አትግደይ› አልከኝ። ያቺን የሞተር ነገርማ... ያቺን ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እልህ ነበር። ጨዋታ ነበር ብዬ፤ እሱም ይስቅብህ ነበር ብዬ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን እያየኸኝ ነበር።»

«ልናገር ነበር» አለ። «በየማለዳው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ፣ ‹አጎቴ ባትኖር ምን እሆን ነበር› ትይኛለሽ። ከእሱ የቀረኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ብነግርሽ ማን ይቀረኛል?»

ነገሩ ለሁለቱም እውነት ነበር፤ ለእሷም ከአባቷ ወገን የቀራት ይሄው አንድ ሰው ነው።

አናጢው ማንም ሳይነግረው ተነሳና ወደ በሩ ሄደ። የጣቢያው ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠ፤ ወጣት ነው፣ ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ። ከልጅቱ የቃል መስጫ ቅጽ መሙላት ነበረበት። የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ጠየቃት። እየጠራች አስሞላችው።

«ከሟቹ ጋር ያለሽ ዝምድና?»

«ልጁ ነኝ።»

«ከተጠርጣሪውስ ጋር?»

ልጅቱ ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ አናጢው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ትከሻው ከአባቷ ትከሻ ጋር አንድ ነው። ጸሐፊው አልሰማች እንደሆን ብሎ ጥያቄውን ደገመላት።

«አጎቴ ነው» አለች፤ ጠረጴዛውን ይዛ ጮክ ብላ አለቀሰች።